ወጨጫን ከሱባ አድሮ መውጣት

ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ፣ ከሰበታ በላይ ጉም ለብሶ የሚታየው ተራራ ወጨጫ ነው። ከፍተኛው ጫፉ 3,385 ሜትር ገደማ ይደርሳል። እንደ ፉሪና እንደ የረር ሁሉ እሳቱ ከጠፋ ሚሊዮን ዓመታት ያለፉት እሳተ ገሞራ ነው። የምዕራብ ጎኑን የመናገሻ ሱባ ደን ሸፍኖታል። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ከሰሜን ሸዋው የወፍ ዋሻ ደን የጽድ ዘር አስመጥተው አስተከሉት የሚባልለት ይህ ደን፣ ከጽዱ ሌላ ዝግባ፣ ወይራ፣ ኮሶ፣ ከፍ ሲልም አስታ አለው። ለአዲስ አበባ ሰው በዚህ ቅርበት እንዲህ ያለ ደን መኖሩ ትልቅ ጸጋ ነው። ጫፉ ድረስ መውጣት ግን ጉልበትና ዝግጅት ይጠይቃል፤ ከሁሉም በላይ ሰዓት ይፈልጋል።

ብዙ ሰው ጠዋት ከከተማ ተነስቶ ማታ ሊመለስ ያስባል። ሒሳቡን እንየው። ሱባ ካለው የደኑ ጽሕፈት ቤት እስከ ጫፉ ያለው ከፍታ ከ800 እስከ 1,000 ሜትር ነው። ለእያንዳንዱ 600 ሜትር ዳገት 1 ሰዓት፣ ለእያንዳንዱ 4 ኪሎ ሜትር መንገድ ደግሞ ሌላ 1 ሰዓት አስቡ። የሚጠማዘዘው መንገድ 8 ኪሎ ሜትር ቢሆን፣ ያለ ዕረፍት 3 ሰዓት ተኩል ይሆናል። ዕረፍቱና የከፍታው ትንፋሽ ሲጨመርበት 4 ሰዓት ተኩል ይደርሳል። መውረዱ ሌላ 3 ሰዓት ነው። ከአዲስ አበባ ንጋት 12 ሰዓት የተነሳ ቡድን የጠጠር መንገዱን ጨርሶ፣ ተመዝግቦ፣ መንገድ መሪ ይዞ እግሩን የሚያነሳው በግድ 3 ሰዓት ተኩል ነው። ስለዚህ ጫፍ የሚደርሰው 8 ሰዓት፣ የሚመለሰው ሊመሽ ሲል ነው። አንድ ሰው ጉልበቱን ካመመው ደን ውስጥ ይመሽበታል። ከተራራው ሥር አድሮ ንጋት ላይ የተነሳ ግን 6 ሰዓት ሳይሞላ ፊቱን ወደ ታች አዙሯል። ቀሪው መመሪያ የተጻፈው ለዚህ አካሄድ ነው።

የወቅቱ ምርጫ

ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥር መጨረሻ ያለው ጊዜ ከሁሉም ይሻላል። መስከረምና ጥቅምት ላይ ሜዳው አረንጓዴ፣ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ ደን ውስጥ ግን ጭቃው ገና አልደረቀም። ኅዳርና ታኅሣሥ መንገዱ ደርቆ እግር ይይዛል፤ የሌሊቱ ውርጭ ግን አይቻልም። ከፍታው በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ሙቀቱ ከ6 ዲግሪ በላይ ስለሚወርድ፣ አዲስ አበባ ሌሊት 8 ዲግሪ ሲሆን ጫፉ ላይ 2 ዲግሪ ነው፤ ነፋሱ ሲታከልበት ከዜሮ በታች ሆኖ ይሰማል። ከየካቲት ጀምሮ በልጉ ሊመጣ ይችላል፤ መጋቢትና ሚያዝያ ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ የተለመደ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ መውጣት ትርፉ ድካም ነው። የጠጠር መንገዱ ይበላሻል፣ ጫፉ ከጉም አይወጣም፣ ቀዩ አፈር ሳሙና ይሆናል።

አንድ ነገር ቀድማችሁ አስቡበት፦ ምርጡ ወቅት ከጾመ ነቢያት ጋር ይገጥማል። እስከ 6 ወይም እስከ 9 ሰዓት እህል ውኃ ሳይቀምሱ የሚቆዩ ሰዎች በቡድናችሁ ካሉ፣ ወይ ጉዞውን ከኅዳር 15 በፊት አድርጉት፣ ወይ ከገና በኋላ። በባዶ ሆድና በደረቀ ጉሮሮ እንዲህ ያለ ዳገት መውጣት ራስን መሳት ሊያመጣ ይችላል። ለረመዳንም ይኸው ነው። በጾም ምግብ መሄድ ግን ምንም ችግር የለውም፤ እንዲያውም ለመንገድ የሚሆነው ስንቅ አብዛኛው የጾም ነው።

ከጉዞው በፊት ያሉት 6 ሳምንታት

የአዲስ አበባ ነዋሪ 2,300 እና 2,400 ሜትር ላይ ስለሚኖር ሳንባው ለከፍታው ባዳ አይደለም። የሚከዳው እግር ነው፤ በተለይ ሲወረድ ጉልበትን የሚይዘው የጭኑ የፊት ጡንቻ። በሳምንት ሁለት ቀን ደረጃ ውጡ ውረዱ። ባለ 4 ፎቅ ኮንዶሚኒየም ከምድር እስከ ላይኛው ፎቅ 12 ሜትር ያህል ነው፤ 25 ጊዜ ስትመላለሱ 300 ሜትር ወጥታችሁ 300 ሜትር ወርዳችኋል። መጀመሪያ ባዶ እጃችሁን፣ ከሦስተኛው ሳምንት ጀምሮ 3 ሊትር፣ ከአምስተኛው ጀምሮ 6 ሊትር ውኃ በቦርሳ አዝላችሁ። ስትወርዱ ሊፍት አትጠቀሙ፤ ዋናው ልምምድ መውረዱ ነውና።

ቅዳሜ ወይም እሑድ ጠዋት ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ማርያም በእግር ውጡ። ያ አቀበት የማይዋሽ ፈተና ነው። ለሱባ ያሰባችሁትን ጫማ፣ ካልሲና ቦርሳ ይዛችሁ ውጡት። ላይ ስትደርሱ ከጓደኛችሁ ጋር ሙሉ ዓረፍተ ነገር መነጋገር ካቃታችሁ ፍጥነታችሁ በዝቷል ማለት ነው። ወጥታችሁ ወርዳችሁ በማግስቱ ደረጃ ስትወርዱ እግራችሁ ካልተንቀጠቀጠ ተዘጋጅታችኋል። ከተንቀጠቀጠ ሁለት ሳምንት ጨምሩ።

ጫማ

በዚህ ጉዞ ላይ ከሚደርሰው ችግር አብዛኛው ከጫማ ይጀምራል፤ ስለዚህ እዚህ ላይ አትቸኩሉ። የሚያስፈልገው ሶሉ ጥልቅ ጥርስ ያለው፣ ቁርጭምጭሚት የሚይዝ፣ ከመደበኛ ቁጥራችሁ በግማሽ የሚበልጥ ጫማ ነው። ግማሽ ቁጥሩ ለወፍራም ካልሲና ሲወረድ ወደ ፊት ለሚንሸራተተው እግር ነው። ስትለኩ ክሩን ሳታስሩ እግራችሁን እስከ ጫፉ ግፉት፤ ከተረከዛችሁ በስተ ኋላ አንድ ጣት ከገባ ልኩ ነው።

ሰልባጅ ተራ ጥሩ የተራራ ጫማ በርካሽ ይገኛል። ነገር ግን ከላይ አዲስ የሚመስል፣ ለዓመታት ሳይደረግ የተቀመጠ ጫማ ከሁሉ የከፋ ወጥመድ ነው። ከቆዳውና ከጎማው መካከል ያለው ለስላሳ ሽፋን በእርጥበት እየተበላ ስለሚሄድ፣ ቆዳው ደህና ሳለ ሶሉ ተራራው ላይ ሙሉ በሙሉ ይለቃል። ስትገዙ እንዲህ ፈትሹት፦ ጫማውን በሁለት እጅ ይዛችሁ አሥር ጊዜ አጥፉት፤ የሶሉን ጎን በአውራ ጣት ጥፍር ጫን ጫን በሉት። ጥፍራችሁ ሰርጎ ምልክቱ ከቀረ፣ ዱቄት መሰል ነገር ከረገፈ፣ ወይም ስስ ስንጥቅ ከታየ ዋጋው ምንም ቢሆን ተዉት። በማስቲሽ ቢለጠፍም አይቆይም፤ የበሰበሰው ሙጫው ሳይሆን ራሱ ሽፋኑ ነው። የገዛችሁትን እንጦጦ ላይ ሁለቴ ሳትፈትኑ ወደ ሱባ አትሂዱ። ለማንኛውም 2 ሜትር ጠንካራ ሲባጎ በቦርሳችሁ ይኑር፤ የለቀቀ ሶል ከጣት በኩልና ከመሃል ሁለት ቦታ ቢታሰር ተራራውን ያስወርዳል።

ካልሲ የሱፍ ወይም የስፖርት ይሁን። የጥጥ ካልሲ ላብ ይዞ ስለሚቀር እግርን ያለሰልሳል፣ ከዚያ ውኃ ያስቋጥራል። ተረከዛችሁ አካባቢ መለብለብ ሲጀምር በዚያው ቅጽበት ቁሙና ፕላስተር ለጥፉ። ጫፍ ስንደርስ አየዋለሁ ያለ ሰው ጫፍ ሲደርስ የተላጠ ቆዳ ነው የሚያየው።

ልብስና ዕቃ

ጂንስ ሱሪ አትልበሱ። ከረጠበ ይከብዳል፣ አይደርቅም፣ ሙቀት ይመጥጣል። ጋቢም እንዲሁ ጥጥ ነው፤ ማታ ደረቅ ቦታ ላይ ተከናንቦ ለመቀመጥ እንደ እሱ ያለ የለም፣ ለመንገድ ግን አይሆንም። ከውስጥ የስፖርት ቲሸርት፣ በላዩ የሱፍ ሹራብ ወይም ፍሊስ፣ ከሁሉ በላይ ውኃና ነፋስ የማያስገባ ጃኬት ይበቃል። እጅጌውም ሱሪውም ረጅም ይሁን። በመንገዱ ዳርና ዳር ሳማ አለ፤ አጭር ሱሪ የለበሰ ሰው ሩብ ሰዓት ሳይቆይ ያውቀዋል። ሲነሱ ትንሽ እንዲበርዳችሁ ሆናችሁ ተነሱ። ዳገቱ ያሞቃችኋል፤ ተደራርበው ተነስተው በላብ የረጠቡት ጫፉ ላይ ነፋሱ ሲያገኛቸው ይንቀጠቀጣሉ።

ለጫፉ ቀን የሚያዘው ቦርሳ ከ6 ኪሎ አይብለጥ፤ ከዚህ ውስጥ ግማሹ ውኃ ነው። የቀረው የዝናብ ጃኬት፣ ተጨማሪ ሹራብ፣ ደረቅ ካልሲ በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ ኮፍያ፣ ጓንት፣ የፀሐይ ክሬም፣ ፕላስተርና ፋሻ፣ ፉጨት፣ በግንባር የሚታሰር ባትሪ፣ ፓወር ባንክና ስንቅ ነው። ቀን የምንመለስ ከሆነ ባትሪው ለምን? ለሚባለው መልሱ አጭር ነው፦ ባትሪ የሚያስፈልገው ባልታሰበው ቀን ነው። የስልክ መብራት አይተካውም፤ አንድ እጅ ይይዛል፣ ካርታችሁ ያለበትን ስልክም ይገድላል። ከፍታ ላይ ብርድ ቢኖርም ፀሐይዋ ከከተማው ይልቅ ታቃጥላለች፤ ጆሮና የአንገት ጀርባ አይረሱ። ዱላ አንድ ብቻ ከያዛችሁ ሲወረድ ተጠቀሙበት። ቁመቱ መሬት ላይ ሲያርፍ ክንዳችሁ ክርኑ ላይ እንደ ኤል የሚታጠፍበት ይሁን።

ለማደሪያ ስሊፒንግ ባግ ስትመርጡ ላዩ ላይ የተጻፈውን የሙቀት መጠን አንብቡ፤ ለ0 ዲግሪ የሚሆን ያስፈልጋል። ከሥር የሚነጠፈው ስፖንጅ ከላይ ከሚለበሰው እኩል ይጠቅማል፤ ብርዱ ከመሬት ነው የሚመጣው። ስፖንጅ ረስቶ ሦስት ብርድ ልብስ የደረበ ሰው ሲንቀጠቀጥ ያድራል።

ውኃና ስንቅ

ለጫፉ ቀን በነፍስ ወከፍ 3 ሊትር ውኃ ያዙ። ደኑ ውስጥ ጅረት ቢኖርም ከላይ ከብት ስለሚውል ሳይታከም አይጠጣም፤ ከጥር በኋላ ደግሞ ከፍ ብሎ ያለው ምንጭ ይደርቃል። የጅረት ውኃ ለመጠቀም ከተገደዳችሁ በጨርቅ አጥልላችሁ አፍሉት። በዚህ ከፍታ ውኃ የሚፈላው 90 ዲግሪ አካባቢ ላይ ስለሆነ፣ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ ቆይቶ ይውረድ። የውኃ ማከሚያ ከያዛችሁ በመያዣው ላይ በተጻፈው መጠን ጨምራችሁ 30 ደቂቃ ጠብቁ። ከመነሳታችሁ በፊት ግማሽ ሊትር ጠጥታችሁ ተነሱ፤ ከዚያ በየ20 ደቂቃው ሁለት ሦስት ጉንጭ። ጥም እስኪመጣ መጠበቅ የዚያ ቀን ራስ ምታት ዋና መነሻ ነው።

ስንቅ እንደሆነ አገራችን አታሳፍርም። በሶ በውኃና በትንሽ ማር ተበጥብጦ ጠዋት ቢጠጣ እስከ 4 ሰዓት ያቆማል። ለመንገድ ቆሎ ከኦቾሎኒ ጋር፣ ዳቦ ቆሎ፣ ቴምር፣ የተቀቀለ ድንች፣ ሙዝ። ጾም ካልሆነ ጭኮና የተቀቀለ እንቁላል ጨምሩ። እንጀራ በወጥ ማታ ማደሪያ ላይ ይበላ፤ ዳገት ላይ ይከብዳል፣ ቦርሳ ውስጥም ይፈሳል። ቆሎውን በኪስ በምትገባ ትንሽ ላስቲክ ከፋፍላችሁ ያዙት። ቦርሳ አውርዶ መክፈት ስለሚያሰለች፣ ቦርሳ ሥር ያለ ስንቅ ሳይበላ ወደ ቤት ይመለሳል፤ ባለቤቱ ግን ከሰዓት በኋላ እግሩ ይዝላል።

መንገዱ፣ ፈቃዱና መሪው

በሕዝብ ትራንስፖርት የምትሄዱ ከአየር ጤና በዓለም ገና አድርጋችሁ ሰበታ ትደርሳላችሁ። ከሰበታ ከጅማው መንገድ ወደ ቀኝ ተገንጥሎ ወደ ሱባ የሚወስደው ረጅም የጠጠር መንገድ ነው፤ እዚህ ላይ መደበኛ ትራንስፖርት አትጠብቁ። ቡድኑ ከከተማ አንድ መኪና ተከራይቶ ቢሄድና ሾፌሩ በማግስቱ 10 ሰዓት እንዲመጣ ቢቀጠር ይሻላል። ዝናብ ከጣለ ከፍ ያለ መኪና ያስፈልጋል።

ደኑ በኦሮሚያ ደንና ዱር እንስሳት ኢንተርፕራይዝ ሥር ነው። ከመሄዳችሁ ቢያንስ ከአንድ ሳምንት በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ፦ መግባት ይቻላል ወይ፣ ማደሪያ አለ ወይ፣ የአካባቢው ጸጥታ እንዴት ነው። ሦስተኛውን በመነሻችሁ ዋዜማ ድገሙት። ደህና አይደለም ከተባላችሁ ቀኑን ቀይሩ፤ ተራራው የትም አይሄድም። በር ላይ መታወቂያ አሳዩ፣ የመግቢያውን በጥሬ ገንዘብ ከፍላችሁ ደረሰኝ ያዙ፣ የሁላችሁም ስምና የምትመለሱበት ሰዓት እንዲመዘገብ አድርጉ። ቡድኑ ከ4 ሰው አይነስ፦ አንዱ ቢጎዳ አንዱ አብሮት ይቀመጣል፣ ሁለቱ እርዳታ ይጠራሉ።

መንገድ መሪ ሳይዙ መሄድን አንመክርም። ዋጋውን ከመነሳታችሁ በፊት ጨርሱ፤ ለቡድኑ ነው ወይስ በሰው፣ እስከ ጫፍ ነው ወይስ እስከ ደኑ መጨረሻ፣ ምግቡ ከማን ነው። «እስከ ላይ» ብሎ መስማማት ብቻ ጠብ ያመጣል፤ ላይ ማለት ለአንዱ ደኑ የሚያልቅበት፣ ለሌላው የመጨረሻው ቋጥኝ ነው። አካባቢው ኦሮምኛ ተናጋሪ ነው። «አከም ጅርቱ» ብሎ ሰላምታ፣ «ገላቶማ» ብሎ ምስጋና የሰው ፊት ይፈታል። «ሰሬ ቀባ» ደግሞ ውሻውን ያዙልን ማለት ነው፤ ይህችን በቃላችሁ ያዟት።

ማደር

ቀን 9 ሰዓት ሳያልፍ ማደሪያችሁ ድረሱ። ክፍል ከተገኘ ስሊፒንግ ባጋችሁን ይዛችሁ ግቡ፤ ብርድ ልብስ ይኖራል ብላችሁ አትተማመኑ። ካልተገኘ ድንኳን የሚተከለው ጽሕፈት ቤቱ በሚያሳያችሁ ቦታ ነው። ከትልቅና አሮጌ ጽድ ሥር አትትከሉ፤ ደረቅ ቅርንጫፍ ሌሊት በነፋስ ይወርዳል። ከጅረት ጠርዝም ራቁ፤ ብርዱ ተንሸራቶ የሚተኛው እዚያ ነው። ድንኳኑን ወደ ጫፉ ወስዶ ማደር የሚያምር ሐሳብ ቢመስልም አይመከርም። ውኃ የለም፣ ነፋሱ ድንኳን ይነቅላል፣ የታመመ ሰውም በጨለማ አይወርድም።

እሳት በደኑ ውስጥ አታንድዱ። ከጽድ ሥር ያለው የረገፈ ቅጠል ውፍረቱ ብዙ ስለሆነ፣ ከላይ የጠፋ የሚመስል እሳት ከሥር ለውስጥ እየጤሰ ቆይቶ ከሄዳችሁ በኋላ ይነሳል። አስታ ደግሞ እርጥቡም ይነዳል። ለሻይና ለሾርባ ትንሽ የጋዝ ምድጃ ይበቃል። ምግብ ድንኳን ውስጥ አታሳድሩ፤ በክዳን ዕቃ ዘግታችሁ መኪና ወይም ክፍል ውስጥ አስቀምጡ። ቀን ጦጣና ዝንጀሮ፣ ሌሊት ጅብ ሽታውን ተከትሎ ይመጣል። ለመጸዳጃ ከውኃ 60 ሜትር ርቃችሁ አንድ ስንዝር ያህል ቆፍራችሁ መልሱት፤ ወረቀቱን በላስቲክ ይዛችሁ ውጡ። 3 ሰዓት ላይ ተኙ።

ሽቅብ

ከንጋቱ 11 ሰዓት ተነሱ፣ በሶና ሻይ፣ 12 ሰዓት ከሩብ ላይ እግር ይነሳ። የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ቀርፋፋ ይሁን፤ ቡድኑን የሚበትነው የጠዋት ጉጉት ነው። ከፊት መሪው፣ ከኋላ መንገድ የሚያውቅ ወይም ከሁሉ ጠንካራው ሰው ይሁን። የኋላው ሰው ከማንም አይቅደም። በመካከል ደካማው ፍጥነቱን ይወስን። በ50 ደቂቃ አንድ ጊዜ 5 ደቂቃ ዕረፉ፤ ከዚያ ከቆያችሁ ላቡ ይቀዘቅዛል፣ ጡንቻው ይጠጥራል።

የደኑ ክፍል ጥላና ጸጥታ ነው። ጉሬዛ ከዛፍ ዛፍ ሲዘል ነጭ ጭራው ይታያል፤ ጠዋት ዝም ብላችሁ ከሄዳችሁ የምኒልክ ድኩላም ሊያጋጥማችሁ ይችላል። መሬት ላይ የወጣ እርጥብ ሥር በጭራሽ አትርገጡ፣ ተሻገሩት። ጽዱና ዝግባው እየቀነሰ ኮሶው ሲበዛ ከፍ ብላችኋል። ቀጥሎ አሜጃና አስታ ይመጣል፤ ከዚያ ዛፉ አልቆ ሣርና ቋጥኝ ይሆናል። በቀጠሮው ከሄዳችሁ ከዛፉ ወሰን 3 ሰዓት አካባቢ ትወጣላችሁ። እዚያ ቁሙ፣ የነፋስ ጃኬት ልበሱ፣ ብሉ።

የመጨረሻው ዳገት ላይ እርምጃውን አሳጥሩ። በእያንዳንዱ እርምጃ የኋላው እግር ጉልበቱ ቀጥ ብሎ ክብደቱን አጥንቱ ላይ ለአንድ አፍታ ያሳርፍ፤ ጡንቻው በዚያች አፍታ ይተነፍሳል። አየሩ ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር ሁለት ሦስተኛ ያህል ብቻ ስለሆነ ሩጫ አይሞከርም። በአዲስ አበባ ለሚኖር በዚህ ከፍታ የሚመጣ ራስ ምታት አብዛኛውን ጊዜ በውኃና በዕረፍት ይሻለዋል። በቅርቡ ከድሬዳዋ ወይም ከአዋሽ የመጣ እንግዳ ከያዛችሁ ግን ቢያንስ ሁለት ሌሊት አዲስ አበባ ይደር። ራስ ምታቱ ላይ ማስታወክ ወይም መንገዳገድ ከተጨመረ ዕረፍት አይበቃም፤ ወዲያው ይወረዳል።

መመለሻ ሰዓታችሁ 6 ሰዓት ተኩል ነው። ጫፉ 200 ሜትር ቢቀረውም በዚያ ሰዓት ዞራችሁ ውረዱ። ይህን ሰዓት ማታውኑ፣ ሁሉም ሰው ባለበት ተስማሙበት። እዚያው ላይ ሲወሰን ጉጉቱ ያሸንፋል።

ጉም ሲወርድ

ወጨጫ ላይ ሰው የሚጠፋው ሲወጣ አይደለም፤ ከጫፉ ሲወርድ ነው። ሲወጣ መንገድ ሁሉ ወደ አንድ ጫፍ ይሰበሰባል፣ ሲወረድ ግን በየአቅጣጫው ይበታተናል። ከዛፉ ወሰን በላይ ያለው መንገድ አብዛኛው የከብት ነው። እንደ ሰው መንገድ ይነጠፋል፣ ይደምቃል፣ ከዚያ ግጦሹ ላይ ብትን ይልና ይጠፋል። በጉም ውስጥ በተሳሳተው ሸንተረር ሩብ ሰዓት የወረደ ሰው ከሱባ ይልቅ ወደ ሰበታ ወይም ወደ መናገሻ የሚያወርድ ሸለቆ ውስጥ ራሱን ያገኛል፤ ከዚያ ተመልሶ ለመውጣት 1 ሰዓት ይፈጅበታል፣ ልቡም እሺ አይለውም።

መከላከያው የሚጀምረው ሲወጣ ነው። መንገድ በተገናኘ ቁጥር ቆም ብላችሁ ወደ ኋላ ዙሩ፤ ስትመለሱ የምታዩት ገጽታ እሱ ነውና በስልክ ፎቶ አንሱት። በተለይ ከዛፉ ወሰን የወጣችሁባትን በር መሰል ክፍተት ከሦስት ርቀት አንሷት፤ ከላይ ሲታይ የደኑ ጠርዝ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። ማፕስ ሚ ወይም ኦስምአንድን የመሰለ ያለ ኔትወርክ የሚሠራ ካርታ ቤታችሁ ሳላችሁ አውርዱ፣ ከማደሪያው ጀምሮ የሄዳችሁበትን መንገድ ይመዝግብ። ስልኩን ኤሮፕሌን ሞድ ላይ አድርጋችሁ በውስጥ ኪስ ያዙት። ብርድ ባትሪ ይጨርሳል፣ ኔትወርክ ፍለጋም እንዲሁ። ካርታ የያዘ ስልክ በቡድኑ ሁለት ይሁን።

ጉሙ ከመጣ ተሰባሰቡ፤ ማንም ከፊቱ ያለውን ሰው ከዓይኑ አያጥፋ። መሪው እርግጠኛ ካልሆነ ቁጭ በሉና 20 ደቂቃ ጠብቁ። የጠዋት ጉም ብዙ ጊዜ ይበተናል። ከጠፋችሁ ጅረት ተከትላችሁ አትውረዱ፤ በዚህ ተራራ ጅረት ወደ ፏፏቴና ወደ ገደል ይወስዳል። የተመዘገበውን መንገድ ይዛችሁ እስከ መጨረሻው የታወቀ ቦታ ወደ ላይ ተመለሱ። ሦስት ተከታታይ ፉጨት፣ ትንሽ ቆይቶ እንደገና ሦስት፣ የእርዳታ ጥሪ ነው።

ብልጭታውን ካያችሁ በኋላ 30 ሳትቆጥሩ ነጎድጓዱ ከተሰማ መብረቁ ከ10 ኪሎ ሜትር ባነሰ ርቀት ላይ ነው። ከጫፍና ከሸንተረር ፈጥናችሁ ውረዱ፣ ለብቻው ከቆመ ዛፍ ሥር አትጠለሉ።

ቁልቁለት

ከመውረዳችሁ በፊት የጫማችሁን ክር እንደገና እሰሩ። ከጣት በኩል ላላ፣ ከቁርጭምጭሚቱ መታጠፊያ ላይ ጠበቅ አድርጋችሁ ሁለት ጊዜ ቋጥሩት፤ ተረከዙ ወደ ኋላ ካልተያዘ ጣቶቻችሁ ከጫማው ጫፍ ጋር ሲጋጩ ውለው ጥፍር ይጠቁራል። ጉልበታችሁን ሁልጊዜ ትንሽ እጠፉ፣ እርምጃ አሳጥሩ፣ አካላችሁን ወደ ኋላ አትለጥጡ፤ ወደ ኋላ ያዘነበለ ሰው ነው ቀዩ አፈር ላይ በቂጡ የሚወርደው። አብዛኛው ወለምታ የሚደርሰው በመጨረሻው 1 ሰዓት፣ ማደሪያው ሊደረስ ሲል ነው፤ ሐሳብ ቀድሞ ቤት ይገባል። ያን ጊዜ 10 ደቂቃ ዕረፉ፣ ጣፋጭ ነገር ብሉ።

ቁርጭምጭሚት ከተጠመዘዘ ጫማውን አታውልቁ፤ ካበጠ በኋላ አይገባም። ክሩን ትንሽ አላልታችሁ በላዩ ላይ በፋሻ እሰሩት፣ ሸክሙን ተካፈሉት። የረጠበና የሚንቀጠቀጥ ሰው ንግግሩ ከተኮላተፈ፣ ዚፕ መዝጋት ካቃተው፣ ብርዱ ወደ ውስጥ ገብቶበታል። እርጥቡን አውልቁለት፣ ደረቅ አልብሱት፣ ከነፋስ ከልሉት፣ መዋጥ የሚችል ከሆነ ሙቅና ጣፋጭ ነገር አጠጡት። አልኮል በምንም መልኩ አይሰጠው።

በመንደር አቅራቢያ የሚያሰጋው ነብርና ጅብ ሳይሆን ውሻ ነው። አትሩጡ፤ ቁሙ፣ ዱላችሁን ወደ መሬት አድርጋችሁ በእናንተና በውሻው መሃል አቁሙት፣ ባለቤቱን ጥሩ። ከነከሰ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ ሙሉ እጠቡት፤ ከዚያ በዚያው ቀን ወደ ሕክምና ሂዱ። አዲስ አበባ የእብድ ውሻ ክትባት ፓስተር ይሰጣል። ቁስሉ ትንሽ ነው፣ ውሻውም ደህና ይመስላል ብሎ ማሳደር አይገባም፤ በሽታው ምልክት ካሳየ በኋላ መድኃኒት የለውም። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ ፖሊስ 991 ነው። ኔትወርኩ ሸለቆ ውስጥ ስለሚጠፋ ለመደወል ወደ ሸንተረር መውጣት ሊያስፈልግ ይችላል።

ጽሕፈት ቤቱ ስትደርሱ መመለሳችሁን አስመዝግቡ፤ ሳትናገሩ ከሄዳችሁ ጠባቂዎች ማታ ሊፈልጓችሁ ይወጣሉ። ለመሪው የተስማማችሁትን ከፍላችሁ፣ ቆሻሻችሁን በሙሉ ወደ ከተማ ይዛችሁ ተመለሱ። ጫማውን ማታውኑ ጭቃውን አራግፋችሁ፣ ውስጡን በጋዜጣ ሞልታችሁ ጥላ ላይ አድርቁት፤ ፀሐይና ከሰል ቆዳውን ይሰነጥቃሉ፣ የሶሉንም ሙጫ ያላላሉ።